የለንደን ከተማ አዳራሽ አራቱ የድንጋይ ሴቶች፦ በእድሳት ስለጠፋ ቅርስ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ በአጭሩ

በ1972 በሰሜን ዌልስ፣ በአንድ ግቢ የአትክልት ቦታ ውስጥ አራት ያረጁ የድንጋይ ሐውልቶች ተገኙ። አራቱም የሴት ምስል ናቸው። ሲጣራ ማንነታቸው ታወቀ። ከ1430 አካባቢ ጀምሮ በለንደን ከተማ አዳራሽ፣ በጊልድሆል መግቢያ ላይ ቆመው የነበሩት ሥርዓት፣ ፍትሕ፣ ጽናትና ራስን መግዛት የሚባሉት የምግባር ምስሎች ነበሩ። ያኔ ከቦታቸው ከተነሡ ከ180 ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር። ከዚያ ውስጥ በአብዛኛው ጊዜ የት እንዳሉ የሚያውቅ ሰው ስለሌለ የውሃ ሽታ ሆነዋል ተብሎ ተትቶ ነበር።

ይህን ጉዳይ ለመጻፍ ያነሣሣኝ የመገኘታቸው ዜና ብቻ አይደለም። አጠፋፋቸው ነው። ቅርስ ሲጠፋ ወዲያው የሚታየን ጦርነት፣ እሳት ወይም ሌባ ነው። እነዚህ ሐውልቶች ግን የጠፉት በሰላም ጊዜ፣ ባለቤታቸው በሆነችው ከተማ ውሳኔ፣ ሕንፃውን ለማሳመር ተብሎ ነው። የተገኙበት መንገድም ከአጠፋፋቸው ያላነሰ ያስተምራል። ቅርስ ያለበትን ሕንፃ የሚያድስ፣ የሚያፈርስ ወይም የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ሊያውቀው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የታሪክ መዝገብ የሚያውቃቸውን ሰዎች በስም እጠራለሁ፤ የግል ሰዎችን ግን አልጠራም።

ዳራ፦ ሕንፃውና ደጃፉ

ጊልድሆል የለንደን ከተማ አስተዳደር መቀመጫ ነው። እዚህ ላይ ለንደን ስል ዛሬ የምናውቃትን ሰፊ ከተማ አይደለም፤ በመካከሏ ያለችውን፣ የራሷ ከንቲባና ምክር ቤት ያላትን አሮጌዋን ከተማ ነው። የዛሬው አዳራሽ ግንባታ የተጀመረው በ1411 ነው። ሥራውን የመራው ጆን ክሮክስተን የሚባል ግንበኛ ነበር። አዳራሹ ርዝመቱ 46 ሜትር፣ ወርዱ 15 ሜትር ያህል ነው። በዘመኑ በእንግሊዝ ካሉት ትልልቅ አዳራሾች አንዱ ነበር። ወለሉን በድንጋይ ለማንጠፍ ከወጣው ገንዘብ ከፊሉ ከሪቻርድ ዊቲንግተን ውርስ የመጣ ነው። ዊቲንግተን ደጋግሞ ከንቲባ የሆነ፣ በ1423 የሞተ ሀብታም ነጋዴ ነው።

በደቡብ በኩል ያለው መግቢያ የተሠራው ከ1425 እስከ 1430 ባሉት ዓመታት ነው። በእኛ አገር ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከመንገሡ ጥቂት ዓመታት በፊት መሆኑ ነው። በዚህ መግቢያ ግንባር ላይ ሰባት ሐውልቶች ቆሙ። ከሁሉም በላይ ክርስቶስ ነበር። ከእሱ ግራና ቀኝ ሕግና ትምህርት ቆሙ። ከሥር፣ በሩን ግራና ቀኝ አቅፈው፣ አራቱ ምግባራት ሁለት ሁለት ሆነው ቆሙ። እያንዳንዷ ሴት ከእግሯ ሥር ተቃራኒዋ የሆነውን ክፉ ጠባይ ረግጣለች። ሥርዓት የምትረግጠው የሰይጣንን አንገት ነበር።

ምግባርን በሴት መስሎ ክፋትን እንድትረግጥ ማድረግ አዲስ ነገር አልነበረም። ከ4ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በላቲን ግጥም ውስጥ ምግባራትና ክፋቶች እንደ ወታደር ሲዋጉ ይታያሉ። በ13ኛው መቶ ዘመን ምስሉ በካቴድራል በሮች ላይ ወጣ። በስትራስቡርግ ካቴድራል ፊት ለፊት ያሉት ምግባራት ክፋቶቹን በጦር እየወጉ ነው የቆሙት። ከዚያ የከተማ መንግሥታት ምስሉን ከቤተ ክርስቲያን በር ተውሰው ወደ ራሳቸው በር አመጡት። በፍሎረንስ፣ ሕዝባዊ ሥነ ሥርዓት በሚካሄድበት ሎጂያ (ፊቱ ክፍት የሆነ ባለ ቅስት አዳራሽ) ላይ በ1380ዎቹ ምግባራት ተቀረጹ። በቬኒስ የዶጁ፣ ማለትም የከተማዋ ገዥ፣ ቤተ መንግሥት ዋና በር ፖርታ ዴላ ካርታ የተሠራው ከ1438 ጀምሮ ነው። እሱ ላይ አራት ምግባራት በየማቆሚያቸው ቆመዋል፤ ፍትሕ ደግሞ ከአናቱ ተቀምጣለች። ስለዚህ ለንደን ይህን ስታደርግ ብቻዋን አልነበረችም። ነጋዴ የሚያስተዳድረው ከተማ «የምንገዛው በጉልበት ሳይሆን በምግባር ነው» የሚለው በዚህ መንገድ ነበር።

የለንደን ምርጫ ግን አንድ ልዩ ነገር አለው። ከጥንት ግሪክ ጀምሮ ዋና የሚባሉት ምግባራት አራት ናቸው፦ አስተዋይነት፣ ፍትሕ፣ ጽናትና ራስን መግዛት። ጊልድሆል ላይ አስተዋይነት የለችም። በቦታዋ የገባችው ሥርዓት ናት። እኔ ይህን ምርጫ በአጋጣሚ የመጣ አድርጌ አላየውም። በዚህ ሕንፃ ውስጥ የሚሰበሰቡት የነጋዴና የእጅ ባለሙያ ማኅበራት መሪዎች ናቸው። ተለማማጅ የሚቀጡ፣ ሚዛን የሚቆጣጠሩ፣ የዳቦ ክብደት የሚመረምሩ ሰዎች ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው በሩ ላይ ማንን እንደሚያቆም መገመት ከባድ አይደለም።

አዳራሹ ፍርድ ቤትም ነበር። በኖቬምበር 1553፣ ለጥቂት ቀናት ንግሥት ተብላ የነበረችው ሌዲ ጄን ግሬይ ከታሰረችበት ከለንደን ግንብ ጥቁር ልብስ ለብሳ፣ የጸሎት መጽሐፍ ይዛ በእግሯ የመጣችው እዚህ ለመዳኘት ነው። ሞት ተፈርዶባት ተመለሰች። በዓመቱ ኒኮላስ ትሮክሞርተን በክህደት ተከስሶ ቀረበ። ጁሪዎቹ (ፍርድ እንዲሰጡ የተመረጡት ተራ ዜጎች) ነፃ ነህ አሉት። እሱን ነፃ በማውጣታቸው ግን ራሳቸው ታሰሩ፤ ከባድ መቀጮም ተጣለባቸው። ፍትሕና ጽናት እነዚህን ሰዎች ይመለከቱ የነበሩት ከውጭ፣ ከበሩ በላይ ሆነው ነው። ሐውልቶቹ ጌጥ ብቻ ነበሩ የሚል ሰው ይህን ያስታውስ። ወደ ችሎት የሚገባው ዳኛም ተከሳሹም በእነሱ ሥር ማለፍ ነበረባቸው።

ያመለጧቸው አደጋዎች

የችግሩን ምንነት ለመረዳት መጀመሪያ ያልጎዳቸውን ማወቅ ያስፈልጋል።

በ16ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ እንግሊዝ ከሮማ ቤተ ክርስቲያን ተለይታ ፕሮቴስታንት ስትሆን የቅዱሳን ምስሎች በየቤተ ክርስቲያኑ ተሰበሩ። የጊልድሆሎቹ ተረፉ። በ1643፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ፣ ፓርላማው ያገኘውን ምስል ሁሉ ሲያስፈርስ ከአዳራሹ የጥቂት ደቂቃ መንገድ ላይ የነበረው፣ በጎዳና ላይ የቆመ ባለ ምስል ሐውልት የሆነው የቺፕሳይድ መስቀል ወደቀ። የጊልድሆሎቹ አሁንም ተረፉ። ለፍትሕ ሻማ የሚያበራ፣ ለሥርዓት የሚንበረከክ ሰው ስለሌለ ይመስለኛል ጣዖት ሰባሪዎቹ ዓይን ያልገቡት። በ1666 ታላቁ እሳት ከተማዋን ሲያጋያት የአዳራሹ ጣሪያ ተቃጠለ። ግድግዳውና መግቢያው ግን ቆመው ቀሩ።

ሦስት ትልልቅ አደጋዎች አልፈዋል። ከዚያ በኋላ የመጣው ችግር መዶሻም እሳትም አልያዘም።

ችግሩ፦ የ1788 እና የ1789 እድሳት

በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ መግቢያው አርጅቷል፤ በከሰል ጭስ ጠቁሯል፤ ለዘመኑ ዓይንም አያምርም። የከተማዋ ሥራዎች ኃላፊ ታናሹ ጆርጅ ዳንስ ነበር። አባቱም በዚሁ ሹመት ያገለገለ አርክቴክት ነው። ልጅየው በ1788 እና በ1789 የአዳራሹን ግንባር በአዲስ ሠራው። የመካከለኛው ዘመን የጎቲክ ቅርጽን ከግሪክና ከህንድ ሕንፃ ጌጦች ጋር የቀላቀለ ግንባር ነው። ዛሬም አለ። ከላይ የከተማዋ ዓርማ፣ ከዓርማውም ሥር «ጌታ ሆይ ምራን» የሚለው የላቲን መፈክር ይታያል። ከበሩ አልፎ ለገባ ሰው የ15ኛው መቶ ዘመን ደጃፍ ጣሪያ፣ ከነቀስቶቹና ከነቅርጾቹ፣ ከውስጥ በኩል አሁንም አለ።

በአዲሱ ግንባር ላይ ግን ለሐውልቶቹ ቦታ አልተሠራም። ችግሩ ይኸው ነው። ማንም ሐውልቶቹን ጠልቶ አልነበረም። እንዲሰበሩ አልታዘዘም። ሥዕሉ ሲነደፍ ከሥዕሉ ውጭ ሆኑ። ወረዱ። ከወረዱ በኋላ ደግሞ በዕቅዱ ውስጥ የሚቀመጡበት ስፍራ፣ የሚጠብቃቸው ኃላፊ፣ የሚመለሱበት ቀን የሚባል ነገር አልነበረም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም በየትኛውም አገር የሚደገመው ይህ ነው። አንድ ምስል ከሕንፃ ላይ ሲነሣ ከድንጋዩ በፊት የሚጠፋ ነገር አለ። ማን እንደሆነች የሚነግረን ግማሹ ነገር ያለው ድንጋዩ ላይ ሳይሆን ቦታው ላይ ነው። ከማን ቀጥላ ቆመች? ከማን በላይ? በየትኛው በር? ፍትሕን ፍትሕ የሚያሰኛት በእጇ የያዘችው ሰይፍና ሚዛን ነው። ከአንድ ሐውልት ላይ ቶሎ የሚሰበረው ደግሞ እጅና በእጅ የተያዘው ዕቃ ነው። እጅ ከሄደ፣ ቦታም ከሄደ፣ የቀረው ረጅም ቀሚስ የለበሰች ስም የለሽ ሴት ናት። የሚያውቃት የለም፤ ስለዚህ የሚጠይቃት የለም።

የተወሰዱት እርምጃዎች

ሐውልቶቹ ከወረዱ በኋላ ቶማስ ባንክስ እጅ ገቡ። ባንክስ በ1735 የተወለደ የታወቀ ቀራፂ ነው። እሱ ራሱ የሚሠራው በጥንታዊት ግሪክና ሮም መንገድ ነበር። የመካከለኛው ዘመን ሥራ በብዙዎች ዘንድ እንደ ኋላ ቀር በሚታይበት ጊዜ እነዚህን ሐውልቶች ማክበሩ ያስደንቃል። የሙያ ዓይን ከዘመኑ ፋሽን አልፎ ያያል። አራቱ ሴቶች ተሰባብረው ለግንብ መሙያ ያልሆኑት በእሱ ምክንያት ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ባንክስ በ1805 ሞተ። ንብረቱ ሲሸጥ አራቱን ሐውልቶች አንድ የፓርላማ አባል ገዛቸው። ከዚያ በኋላ ጉዞው የግል ቤተሰብ ጉዞ ነው። ከከተማ ወደ ገጠር፣ ከእንግሊዝ ወደ ዌልስ ሄዱ። ለንደን ውስጥ የነበሩት ሰዎች ሞቱ፤ ልጆቻቸውም ሞቱ። አትክልቱን የሚንከባከብ ሰው አሮጌ ድንጋይ መሆናቸውን ያያል እንጂ የማን ደጃፍ ላይ እንደነበሩ በምን ያውቃል?

ከዚህ ሁሉ ጋር ጎን ለጎን፣ ማንም ሳያዝ የተሠሩ ሁለት የምዝገባ ሥራዎች አሉ። ጉዳዩን ያዳኑት እነሱ ናቸው።

የመጀመሪያው እንቆቅልሽ ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን ዊልያም ኤልደርተን የሚባል ገጣሚ ለሕዝብ የሚሸጥ አጭር ግጥም ጻፈ። ሐሳቡ ይህ ነው፦ ምስል ሁሉ ፈርሷል ትላላችሁ፤ በለንደን ግን ሰባት ምስሎች ዛሬም አሉ፤ በየቀኑ ፊታቸውን ያሳያሉ፤ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ያያቸዋል፤ የት እንዳሉ የሚነግረኝ ግን ጥቂት ነው። ከዚያ አንድ በአንድ ይቆጥራቸዋል። ክርስቶስ ከላይ፣ ሕግና ትምህርት በሁለቱ ጎን፣ ሥርዓት በሰይጣን አንገት ላይ፣ አጠገቧ ፍትሕ፣ ጽናትና ራስን መግዛት። ጆን ስቶው የሚባል ሰው ይህን ግጥም በ1598 ባሳተመው የለንደን ታሪክ ውስጥ አስገባው። ስቶው ሙያው ልብስ ሰፊነት ነበር። ከተማውን በእግሩ እየዞረ ያየውንና የሰማውን የጻፈ ሰው ነው። በእሱ ትጋት የሰባቱ ስምና የቆሙበት ቅደም ተከተል ተረፈ።

ሁለተኛው የጆን ካርተር ሥዕል ነው። ካርተር ከ1748 እስከ 1817 የኖረ፣ ዕድሜውን አሮጌ ሕንፃዎችን በመሣል ያሳለፈ ሰው ነው። ማደስ እየተባለ የሚደረገውን ማፍረስ በጋዜጣና በመጽሔት እየተቃወመ ብዙ ጠላት አፍርቷል። በ1780ዎቹ፣ ሐውልቶቹ ከመውረዳቸው ጥቂት ዓመታት በፊት፣ የጊልድሆልን ምስሎች ሣላቸው። ሥዕሉ በመዳብ ላይ ተቀርጾ ታተመ።

አሁን ሁለቱን እንደምራቸው። ግጥሙ ስም ሰጠን፤ መልክ ግን የለውም። ሥዕሉ መልክ ሰጠን። ቀሚሱ እንዴት እንደወረደ፣ ራሳቸው ወዴት እንደዞረ፣ እግራቸው ሥር ምን እንዳለ ያሳያል። በ1972 አራቱ ሲገኙ ከሥዕሉ ጋር ማስተያየት ተቻለ። ድንጋዮቹም ስማቸውን መልሰው አገኙ። ከዚያ ወደ ለንደን ተመልሰው በሙዚየም ስብስብ ውስጥ ገቡ። በ1976 ለንደን ዎል በሚባለው ጎዳና የተከፈተው የለንደን ሙዚየም ለብዙ ዓመታት ለሕዝብ አሳያቸው። ያ ሕንፃ በ2022 መጨረሻ ተዘግቷል፤ ሙዚየሙ ወደ አሮጌው የስሚዝፊልድ ገበያ እየተዛወረ ነው።

የሠራውና ያልሠራው

በመጀመሪያ የሠራውን። አራቱ አለመለያየታቸው ትልቅ ነገር ነው። ከባንክስ ወደ ገዢው፣ ከዚያም ወደ ዌልስ ሲሄዱ እንደ አንድ ቡድን ሄዱ። አንዷ ብቻዋን በአንድ ግቢ፣ ሌላዋ በሌላ አገር ቢሆኑ ኖሮ መለየታቸው እጅግ ይከብድ ነበር። አራት ሴት፣ አራት የተረገጠ ክፋት፣ አንድ ዓይነት የአጠራረብ እጅ ሲታይ ግን ጥያቄ ያስነሣል። ሁለተኛ፣ ዋጋቸውን የሚያውቅ ሰው በትክክለኛው ሰዓት ተገኘ። ሦስተኛ፣ ምዝገባው ታትሞ ነበር። ይህን ሦስተኛውን መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ያልሠራው ይበዛል። ክርስቶስ፣ ሕግና ትምህርት ከአራቱ ጋር አልተገኙም። ሰባቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበሩ፤ ዛሬ የምናነበው ግማሹን ነው። ምግባራቱ ብቻቸውን ሲታዩ የሥነ ምግባር ትምህርት ይመስላሉ። ከበላያቸው ክርስቶስ፣ በመካከል ሕግና ትምህርት ሲኖሩ ግን ስለ ሥልጣን ምንጭ የሚናገር ሥራ ነበር፤ ሥልጣን ከላይ ይመጣል፣ በሕግና በዕውቀት ያልፋል፣ መሬት ላይ ሲደርስ በምግባር ይታያል የሚል። ያ ሐሳብ ከግማሹ ጋር ሄዷል።

ከዕቃው ጋር አብሮ የሚሄድ ጽሑፍም አልነበረም። ሥዕሉና ግጥሙ በቤተ መጻሕፍት ነበሩ። ድንጋዮቹ በዌልስ ነበሩ። በሁለቱ መካከል አንድ ብጣሽ ወረቀት ቢኖር፣ በመቆሚያቸው ጀርባ «ጊልድሆል፣ ለንደን» የሚል ጽሑፍ ቢቀረጽ፣ ያ ሁሉ ዘመን ባልባከነ ነበር። ምሁራን ሥዕሉን እያዩ ጠፍተዋል ይላሉ፤ በሌላ አገር ሰዎች ሐውልቶቹን እያዩ ያልፋሉ።

የድንጋዩ ሁኔታም አለ። ሐውልቶቹ ዛሬ የተጎዱ ናቸው። በተለይ እጆች ጎድለዋል። ከሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ በለንደን ጭስና ዝናብ ቆመዋል። በአትክልት ቦታ ደጅ መዋል ደግሞ ለተጠረበ ድንጋይ ማረፊያ አይደለም።

ከሁሉ የሚከፋው ግን መመለስ አለመቻላቸው ነው። ሐውልቶቹ በ1972 ሲገኙ የነበሩበት ግንባር የለም። ማቆሚያዎቹ በ1789 አብረው ሄደዋል። ጆርጅ ዳንስ የሠራው ግንባር ደግሞ አሁን ራሱ ከ200 ዓመት በላይ የሆነው ቅርስ ነው፤ እሱን አፍርሶ የቀድሞውን እንሥራ ማለት ያንኑ ጥፋት መድገም ነው። ስለዚህ ሙዚየም መግባታቸው ትክክለኛ ውሳኔ ነበር ብዬ አምናለሁ። ዋጋ ግን አለው። ከበር በላይ ቆመው ወደ ታች እንዲያዩ የተጠረቡ ምስሎች ወለል ላይ ሲቆሙ ሌላ ነገር ይሆናሉ። ጎብኚው ፊት ለፊት ያያቸዋል፤ በእግራቸው ሥር አያልፍም። ማንንም የሚዳኙበት በር የላቸውም።

የሌሎች ከተሞች ዕጣ ለማነጻጸር ይረዳል። ዛሬ በቤልጅየም ያለችው የብሩዥ ከተማ አዳራሽ ሐውልቶች በ1792 በፈረንሳይ አብዮተኞች ተሰባበሩ። ግንባሩና ማቆሚያዎቹ ስለተረፉ ግን በኋላ አዲስ ሐውልቶች ሊቆሙ ቻሉ። በቬኒስ ከፖርታ ዴላ ካርታ ላይ በ1797 የተሰበረው የዶጅ ፎስካሪ ምስል ነው። እሱም በ1885 በሌላ ቅጂ ተተካ። ምግባራቱ ግን እስከ ዛሬ በየማቆሚያቸው ናቸው። በ1970ዎቹ በሩ ሲታደስ ወጪውን የሸፈነው በብሪታኒያ የተቋቋመ ድርጅት ነው። ለንደን የራሷን ምግባራት ከዌልስ አትክልት ቦታ ባገኘች በጥቂት ዓመታት ውስጥ መሆኑ ነው። ብሩዥ ድንጋዩን አጥታ ቦታውን አተረፈች፤ ለንደን ድንጋዩን አትርፋ ቦታውን አጣች። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ብባል ለመመለስ ዕድል የሚሰጠው ቦታው ነው እላለሁ።

እዚህ ላይ የእኛው የአክሱም ሐውልት ትዝ ይለኛል። በ1937 ወደ ሮም ተወሰደ። በ2005 በሦስት ክፍል ተመለሰ። በ2008 ቆመ። ክርክሩ ረጅምና መራራ ነበር፤ ሐውልቱ ይመለስ ከተባለ በኋላ ግን የት ይቁም የሚል ጥያቄ አልነበረም። መሬቱ አክሱም ውስጥ ይጠብቀው ነበር።

ለሌላ ሥራ የሚወሰድ

ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት መካከል የቤተ ክርስቲያን ሰበካ ጉባኤ አባል፣ የመስጊድ ኮሚቴ፣ የከተማ መሐንዲስ፣ ወይም ያረጀ የአያት ቤት የሚያድስ ሰው ሊኖር ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ የተጠረበ የእንጨት በረንዳ ያላቸው ቤቶች፣ ከሰፈሩ ሰው በቀር ማንም ስማቸውን የማያውቃቸው በሮችና መስኮቶች አሉ። የጊልድሆል ጉዳይ ለእነሱም ይሠራል።

ዋናው ነገር፣ ከመንካት በፊት መመዝገብ ነው። ዛሬ ካርተር መሆን አያስፈልግም፤ ስልክ ይበቃል። ግን አነሣሡ ወሳኝ ነው። ሰው የሚያነሣው ቆንጆውን ነገር ብቻውን፣ ከቅርብ ነው። በኋላ የሚጠቅመው ከሩቅ የተነሣው ነው፤ ግድግዳው በሙሉ፣ ነገሩ ከጎረቤቶቹ ጋር። ከዚያ ቀረብ ያለው፣ ከዚያ ጎኑና ጀርባው። አጠገቡ መለኪያ ሜትር ይቀመጥ። እያንዳንዱ የሚነሣ ነገር ቁጥር ይሰጠው፤ ቁጥሩ በማይታየው ጎን ይጻፍ፤ ያው ቁጥር በግድግዳው ፎቶ ላይም ይጻፍ። ይህ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ከፎቶው እኩል የሰው አፍ ይመዝገብ። ኤልደርተን ስሞቹን ባይቆጥር ኖሮ ካርተር የሣላቸው አራት ሴቶች እነማን እንደሆኑ ያከራክር ነበር። የሰፈሩ አዛውንት ያንን ቅርጽ ምን ብለው ይጠሩታል? ማን አሠራው ይላሉ? ልጆች ምን ይሉት ነበር? እንደ ቀልድ የሚታየው አባባል ወይም እንቆቅልሽ ጭምር ይጻፍ። ትክክል ይሁን አይሁን በኋላ ይጣራል።

የሚነሣ ነገር ሁሉ ተቀባይ ይኑረው። «ለጊዜው መጋዘን ይግባ» የሚለው ቃል ብዙ ነገር በልቷል። ማን ተረከበ፣ የት አስቀመጠ፣ ማን ሊጠይቀው ይችላል፣ ተረካቢው ቢሞት ወይም ቢለቅ ለማን ያስረክባል? ባንክስ ጥሩ ጠባቂ ነበር፤ ግን ሰው ነውና ሞተ፤ ጥበቃውም አብሮት አበቃ። ተቋም ካለ ለተቋም ይሰጥ። ለግለሰብ የግድ ከተሰጠ፣ ሲሸጥ ቅድሚያ ለቀድሞው ባለቤት የሚል ውል ይያዝ።

አዲሱ ንድፍ ሲወጣ ደግሞ አንድ ጥያቄ በግልጽ ይቅረብ፦ ይህ ነገር በአዲሱ ሥራ ላይ የት ነው ያለው? መልሱ «የትም» ከሆነ፣ ያ ውሳኔ መሆኑ ታውቆ በቃለ ጉባኤ ይያዝ። በ1788 ማንም ይህን ጥያቄ ጮክ ብሎ አንሥቶ ቢሆን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። መመለስ ካልተቻለም ቢያንስ ቦታው ላይ ምልክት ይደረግ። ጊልድሆል ራሱ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ አለው። በ1988 ከአዳራሹ ፊት ለፊት ካለው ግቢ ሥር የሮማውያን ዘመን የትርኢት ሜዳ ፍርስራሽ ተገኘ። ዛሬ በግቢው ንጣፍ ላይ ጥቁር ድንጋይ በቅስት ተነጥፎ የሜዳውን ጠርዝ ያሳያል። ከምድር በታች ያለውን ነገር ከላይ የሚያልፈው ሰው በእግሩ ያውቀዋል።

የመጨረሻው ነጥብ መዝገቡ የሚቀመጥበት ነው። ብዙ ጊዜ የሕንፃው መዝገብ በሕንፃው ቢሮ ሳጥን ውስጥ ይቆለፋል። ሕንፃው ሲቃጠል መዝገቡም ይቃጠላል። የጊልድሆል ጣሪያ ከ1666ቱ እሳት በኋላ በዲሴምበር 29 ቀን 1940 ምሽት በጀርመን ቦምብ ዳግመኛ ጋየ። ከአዳራሹ ጋር የነበረው ቤተ መጻሕፍት በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍት አጣ። የስቶው መጽሐፍና የካርተር ሥዕል ግን የታተሙ ስለነበሩ ቅጂያቸው በብዙ ከተማ፣ በብዙ ቤት ነበር። የዚያ ምሽት እሳት ሁሉንም ሊደርስባቸው አልቻለም። ከ32 ዓመት በኋላ አራቱ ሴቶች ሲገኙ ሥዕሉ ለማስተያየት ዝግጁ ነበር። ስለዚህ ከፎቶዎቹና ከዝርዝሩ አንድ ቅጂ ከግቢው ውጭ፣ የሚቻል ከሆነም ከከተማው ውጭ ይቀመጥ።